የሠዓሊው የኮሮ ታሪክ

ካሚል ኮሮ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1796 ዓ.ም. በፓሪስ ተወለደ። አባቱ ነጋዴ ነበርና ልጁ ጨርቅ መሸጥን እንዲማር አደረገው፤ የልጁ ልብ ግን ከሥዕል ጋራ ነበረ። በ26 ዓመቱ ወላጆቹ ፈቅደው በየዓመቱ 1500 ፍራንክ ቈረጡለት። በ1825 ዓ.ም. ወደ ኢጣሊያ ሄዶ፥ ሦስት ዓመት ያህል ሜዳውንና ኮረብታውን ከነብርሃኑ ሣለ። ነገር ግን ብዙ ዘመን ሥዕሉን የሚገዛ አልተገኘም፤ ሽበት እስኪያወጣ ድረስ በወላጆቹ ድርጎ ኖረ።

የሰው መልክ የሚሥለው ለራሱ ነበር፤ የሚበዙትን በሥራ ቤቱ አኑሮ ለሰው አላሳየም። ከእነዚያ አንዲቱ፥ ዕንቍ ያላት ሴት የምትባለው፥ ዛሬ በፓሪስ ሉቭር በሚባለው ቤተ መዘክር ትገኛለች።

በስተርጅና ዝናውና ሀብቱ በዛ። ድኾች ሠዓሊዎች ሥዕሉን ገልብጠው ሲያመጡለት፥ በብሩሹ አርሞ ስሙን ይጽፍላቸው ነበር። ለእነርሱ እንጀራ ሆነላቸው፤ ለገዢው ግን፥ እውነቱን እንናገር ዘንድ፥ ሐሰት ነበረ። ስለዚህም እስከ ዛሬ ሊቃውንት የእርሱን እጅ ከሌላው እጅ ለመለየት ይቸገራሉ።

በጥር 1875 ዓ.ም. የባላገርን ኑሮ ይሥል የነበረው ሚሌ ሞተ። ኮሮ ለሚስቱና ለልጆቹ 10,000 ፍራንክ ሰጠ፤ በሚከተለውም ወር እርሱ ራሱ ዐረፈ።