የጠገራ ብሯ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸናና በሞጣ ገበያ፣ የአንዲት ባዕድ ንግሥት መልክ ከብዙ መኳንንት መልክ ይልቅ የታወቀ ነበር። ስማቸውን አስተካክሎ የሚጠራ ጥቂት ነው፤ ሆኖም በቅሎውን ወይም በሬውን የሸጠ ገበሬ የራሳቸውን ጌጥ፣ የትከሻቸውን ዕንቁና ከምስላቸው ግርጌ ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደሎች ሳይመረምር ብሩን በመቀነቱ አይቋጥርም። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ወይም የፈዘዘ ብር ለባለቤቱ ይመለሳል።

ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1717 በቪየና ተወለዱ። አባታቸው ካርል 6ኛ ወንድ ወራሽ ስላልነበራቸው፣ ዘውዱ ለሴት ልጅ እንዲተላለፍ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ተዋውለው ነበር። ይሁን እንጂ በ1740 ሲሞቱ ውሉ ወረቀት ሆኖ ቀረ፤ የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሪድሪክ 2ኛ ሳይሌዥያን ወረሩ። ወራሿ የ23 ዓመት ወጣት ነበሩ። ስምንት ዓመት በፈጀው ጦርነት ያንን ሀብታም ግዛት ቢያጡም ዘውዳቸውን አላስነጠቁም። ከዚያ በኋላ መኳንንቱ ግብር እንዲከፍሉ አደረጉ፤ በ1774 የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን በሕግ አቋቋሙ። አሥራ ስድስት ልጆችም ወለዱ።

ባለቤታቸው ፍራንሲስ በ1765 ሲሞቱ የለበሱትን የሐዘን ልብስ እስከ ዕለተ ሞታቸው አላወለቁም። በጠገራው ላይ ሻሽ የተከናነቡት ሴት እኒያ ባልቴት ናቸው። ያረፉት በ1780 ሲሆን፣ ብሩ ለሁልጊዜ የያዘው ዓመተ ምሕረት ይኸው ነው።

ታሪካቸው ግን በዚህ አልተፈጸመም። በሰፊው የታወቀው ቅርጽ የተሠራው በጉንስቡርግ ማተሚያ ቤት ሲሆን፣ ኤስ እና ኤፍ የተባሉት ፊደሎች ብዙዎች እንደሚገምቱት የከተማ ምልክት አይደሉም፤ ሾብልና ፋቢ የተባሉ የማተሚያ ቤቱ ሹማምንት የስም መነሻ ናቸው። ጉንስቡርግ በ1805 ቢዘጋም፣ ነጋዴው ሌላ ፊደል ያለበትን አልቀበልም ስላለ፣ የሞቱት ንግሥት ዓመትና የሁለቱ ሹማምንት ፊደሎች በሌሎች ከተሞችም እንዳሉ ታተሙ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ጥራቱም ከሺህ 833 እጅ ብር ሆኖ ጸና።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በራሳቸው መልክ ያሠሩት ብር የፓሪስን ማተሚያ ቤት የሚያመለክት ኤ ፊደል ነበረበት፤ የት እንደተሠራ በግልጽ ይናገራል። ጠገራው ግን የትውልድ ስፍራውን ይደብቃል። ገበያው የለመደውን ስላልለቀቀ የምኒልክ ብር የማሪያ ቴሬዛን ብር ማስወጣት አልቻለም።

ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ሲወሩ ይህን አውቀው፣ አስቀድመው ከቪየና የማተሚያውን ቅርጽ ወስደው በሮም ያትሙ ነበር። ሊሬያቸውን ለማስለመድ ቢሞክሩም ሕዝቡ ስላልተቀበለው ወደ ጠገራው ተመለሱ። እንግሊዞችም ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በለንደን፣ በጦርነቱ ጊዜም በቦምቤይ አሳተሙ። በ1933 ዓ.ም. የጌድዮን ጦር ከአርበኞች ጋር ጎጃምን ሲያስለቅቅ የጭነት ከብትና የስንቅ ዋጋ የሚከፈለው በዚሁ ብር ነበር። ስለዚህ በሞጣ የነበረው የጣሊያን ጦር ያወጣው ገንዘብና ባላንጣው ይዞት የመጣው ገንዘብ አንድ መልክና አንድ ዓመተ ምሕረት ነበራቸው። ንግሥቲቱ ሳያውቁ ለሁለቱም ወገን ደመወዝ ከፋይ ሆኑ ማለት ነው።

ዛሬ እነዚህን የሚለየው ሰብሳቢ የሚመረምረው ያው ገበሬ ይመረምር የነበረውን ነው፤ ልዩነቱ አጉሊ መነጽር መያዙ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ማተሚያ ቤት የራሱን የቅርጽ ብረት ስላዘጋጀ፣ በትከሻው ጌጥ ዕንቁዎች፣ በንስሩ ጅራት ላባዎች፣ በፊደሎቹና በነጥቦቹ አቀማመጥ፣ በጠርዙም ጌጥ ላይ ጥቃቅን ልዩነት ቀርቷል። ገበሬው ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለመለየት የቆጠረውን፣ ሰብሳቢው እውነተኞቹን እርስ በርስ ለመለየት ይቆጥረዋል።

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ጠገራው ሕጋዊ ገንዘብ መሆኑ ቀረ። ቪየና ግን እስከ ዛሬ ታትመዋለች። በጎጃም ከቀረው ብዙው ወደ አንጥረኛ ቤት ገብቶ የአንገት መስቀልና አልቦ ሆኗል፤ ከሮም ይምጣ ከለንደን በከውሩ ውስጥ አብሮ ቀልጧል።