ከትምህርት ቤት የኮበለለው ሊቅ
የማኅሌታዊው ቅዱስ ያሬድ ሕይወት

የታላላቅ የሙዚቃ ደራሲዎችን ሥራ በራዲዮ ማሰማት በብዙ አገሮች የቆየ ልማድ ነው። የእንግሊዝ ራዲዮ ቢቢሲ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1943 ጀምሮ፣ አንዱን ሳምንት ለአንድ የሙዚቃ ደራሲ የሚሰጥ ፕሮግራም አለው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየዕለቱ ስለ ደራሲው ኑሮ ጥቂት ይነገራል፤ ከዚያም ዜማው ይሰማል። አድማጩ ሳምንቱን በትዕግሥት የተከታተለ እንደ ሆነ፣ ሰውየው በምን ችግር እንዳደገ፣ ምን እንደ ሠራና ለትውልድ ምን እንደ ተወ ያውቃል። ባኽንና ሞዛርትን፣ ቤትሆቨንንም በዚህ መንገድ እንደ ጎረቤት የሚያውቋቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

እኛስ እንዲህ ያለውን ሳምንት ለአንድ ሰው ብንሰጥ ለማን እንሰጥ ነበር? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ባሕር ማቋረጥ አያስፈልግም። ከመቀሌ ተነሥቶ በአዲግራትና በዓድዋ በኩል አክሱም የደረሰ መንገደኛ የሰውየውን አገር ያገኛል። ባኽ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1685 ሲሆን፣ የእኛ ሊቅ ግን ከእርሱ ከ1100 ዓመት በላይ የሚቀድም የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። እርሱም ማኅሌታዊው ቅዱስ ያሬድ ነው።

የያሬድ ታሪክ የሚገኘው በገድሉና በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን በሚነበበው ስንክሳር ነው። እነዚህ መጻሕፍት የተጻፉት እርሱ ከኖረበት ዘመን ብዙ ቆይቶ ስለ ሆነ፣ ከሚነግሩን ነገር አንዳንዱን እንደ ታሪክ፣ አንዳንዱን ደግሞ አባቶች በእምነት እንዳስተላለፉት ትውፊት አድርገን እንቀበለዋለን።

በትውፊቱ መሠረት ያሬድ በ505 ዓ.ም. ሚያዝያ 5 ቀን በአክሱም ተወለደ። አባቱ አብድዩ፣ እናቱም ታውክልያ ይባሉ ነበር። ሕፃኑ ገና በልጅነቱ አባቱ ስለ ሞተበት፣ እናቱ ከዘመዱ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ ወስዳ ለትምህርት ሰጠችው። አባ ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚያስተምር የታወቀ መምህር ነበረ።

ነገር ግን ልጁን ትምህርት አልገባ አለው። ጓደኞቹ መዝሙረ ዳዊትን እየጨረሱ ወደሚቀጥለው ሲሻገሩ እርሱ ከነበረበት ፈቀቅ ማለት ተሳነው። መምህሩ ይቈጣዋል፤ ይገርፈዋልም። ልጆቹም ይሥቁበታል። በዚያ ዘመን የነበረ መምህር ሰነፍ ተማሪን የሚያቀናበት መሣሪያ አለንጋ ብቻ ነበረ። ያሬድም መከራውን መቻል ባቃተው ቀን ልቡ ቈርጦ ከትምህርት ቤት ኮበለለ።

ከከተማው ወጥቶ ሲሄድ ማይ ኪራሕ ከሚባለው የውኃ ምንጭ አጠገብ ደረሰ፤ ደክሞት ስለ ነበር ከአንዲት ዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ። በዚያም ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል የዛፉን ፍሬ ለመብላት በግንዱ ላይ ስትወጣ አየ። ትሏ ከመካከል ላይ ደርሳ ወደቀች፤ እንደ ገና ጀመረች፤ እንደ ገናም ወደቀች። ስድስት ጊዜ ከወደቀች በኋላ በሰባተኛው ከላይ ደርሳ ፍሬውን በላች። ልጁ ይህን ሁሉ ዐይኑን ሳይነቅል ተመለከተ፤ ከዚያም የራሱን ነገር አሰበ።

በዚህ ስፍራ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል ያሻል። ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ ከሕፃንነታችን ጀምረን የሰማነው ስለ ትሏ ጽናት ነው። ከትሏ ይልቅ ግን የሚያስደንቀው ልጁ ቀጥሎ ያደረገው ነው። ትሏን የገረፋት የለም፤ የሣቀባትም የለም። ያሬድ ግን ወደ ተገረፈበትና ወደ ተሣቀበት ቤት በእግሩ ተመለሰ። መምህሩንም ይቅርታ ለምኖ እንደ ገና እንዲያስተምረው ጠየቀ። አባ ጌዴዎንም ልጁ ሲያለቅስ ባየ ጊዜ ራርቶ ተቀበለው። ከዚያ በኋላ ያሬድ ብሉይንና ሐዲስን ጠንቅቆ ዐወቀ፤ በወጣትነቱም ዲያቆን ሆኖ ተሾመ።

ዜማው እንዴት እንደ ተገለጠለት ስንክሳሩ ሲተርክ፣ እግዚአብሔር ከኤዶም ገነት ሦስት ወፎችን ልኮለት በሰው አንደበት እንደ ተነጋገሩትና ወደ ሰማያዊቱ ኢየሩሳሌም እንደ ወሰዱት፣ በዚያም የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት እንደ ሰማ ይናገራል። የሚገርመው፣ የሮም ቤተ ክርስቲያንም ስለ ዜማዋ ተመሳሳይ ትውፊት አላት። ከ590 እስከ 604 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሮም መንበር የተቀመጠው ጳጳስ ጎርጎርዮስ፣ ዜማውን ከርግብ እንደ ተቀበለ ይተረካል። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ክፍለ ዘመን ውስጥ የኖሩ ናቸው። ሕዝቦች የዜማቸውን ውበት ከምድር በላይ አድርገው ሲያዩት፣ አንዱ በርግብ ሌላውም በሦስት ወፎች እንዳመጣጡ ከዚህ እንረዳለን።

ያሬድ ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ አርያም የተባለውን የመጀመሪያውን ዜማ በታላቅ ድምፅ ባሰማ ጊዜ፣ ንጉሡና ንግሥቲቱ፣ ጳጳሱና ካህናቱ፣ ሕዝቡም ሳይቀር እየሮጡ መጥተው ሲሰሙት እንደ ዋሉ ተጽፏል። በዘመኑ የነገሠው የዐፄ ካሌብ ልጅ ዐፄ ገብረ መስቀል ነበረ።

ያሬድ የተወልን ዜማ ሦስት መልክ አለው። ግዕዝ ጠንከር ያለና ቀጥ ያለ ነው፤ ዕዝል ለስለስ ያለ ነው፤ አራራይ ደግሞ ቀጠን ብሎ ወደ ላይ የሚወጣና አንጀት የሚበላ ነው። ሊቃውንቱ ሦስቱን በሥላሴ ይመስሏቸዋል። የያሬድ ድርሰት ተብለው የሚቈጠሩት መጻሕፍትም ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት ናቸው። ዝማሬ ከቍርባን በኋላ፣ መዋሥዕትም ለሙታን መሸኛ የሚዜም ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የያሬድን ሊቅነት የሚያሳየው የጊዜ ሥርዓቱ ነው። ራዲዮ ጣቢያ ለአንድ ሳምንት ፕሮግራም ለማውጣት ስንት ሠራተኛና ስንት ስብሰባ ያስፈልገዋል? ድጓ ግን ለዓመቱ በሙሉ ፕሮግራም አውጥቷል። ክረምት ሲገባ የዝናብና የዘር ዜማ አለ፤ መስከረም ሲጠባ የአበባ ዜማ አለ፤ ለእያንዳንዱ በዓልም የራሱ አለው። ዐቢይ ጾምንም እንመልከት። ስምንቱ ሳምንታት ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኵራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስና ሆሣዕና ተብለው የሚጠሩት በየእሑዱ በሚዜመው በያሬድ ድርሰት ነው። እናቶቻችን የጾሙን ሳምንት በስሙ ሲጠሩ የአንድ የሙዚቃ ደራሲን ፕሮግራም እየጠሩ መሆናቸውን ስንቶቻችን አስተውለናል?

የያሬድ ዝና ከፍ ባለበት ጊዜ የሆነው ነገር ከልጅነቱ ታሪክ የማያንስ ነው። አንድ ቀን በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲያዜም፣ ዐፄ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደም ፈሰሰ፤ ንጉሡ ግን አላወቀም፤ ያሬድም ማኅሌቱን እስኪፈጽም ድረስ አልተሰማውም። ንጉሡ ያደረገውን ባየ ጊዜ ደንግጦ ጦሩን ነቀለና፣ ለካሣ የፈለገውን ሁሉ እንዲጠይቅ ፈቀደለት። ሌላ ሰው ቢሆን ርስት ወይም ሹመት በለመነ ነበር። ያሬድ የለመነው ግን ከቤተ መንግሥት ተሰናብቶ ወደ ምድረ በዳ እንዲሄድ መፈቀዱን ነው። ንጉሡም እጅግ እያዘነ ቃሉን ጠበቀ።

ያሬድም ጽዮንን ተሰናብቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። በዚያ ብርዳም አገር በጾምና በጸሎት፣ ደቀ መዛሙርትንም በማስተማር የቀረውን ዕድሜውን ፈጸመ። ትውፊቱ የመጨረሻ ቀኑን ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. ያደርገዋል።

ሊቁ ቢያልፍም ዜማው አላለፈም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ከፊደሉ በላይ የሚጻፈውን የዜማ ምልክት አደራጁ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቍርጥ የሚባሉት ምልክቶች ዜማው የሚወርድበትንና የሚወጣበትን፣ የሚያዝበትንና የሚቈረጥበትን ያሳያሉ። ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት ድጓው በየዘመኑ የተነሡ ሊቃውንት እየጨመሩበት የሰፋ ነው። ይህ የያሬድን ክብር አይቀንሰውም፤ በተከለው ዛፍ ላይ ሌሎች ቅርንጫፍ ቀጠሉበት እንጂ። በአዲስ አበባ ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት በስሙ መጠራቱም የሚገባ ነው።

እንግዲህ ይህ ታሪክ ለእኛ ለመቀሌ ተማሪዎች ከሌላው ይልቅ የሚቀርበን ምክንያት አለ። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ መጀመሪያ በወረርሽኙ፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ምክንያት በትግራይ ትምህርት ተቋርጦ ቆየ፤ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች እንደ ገና የተከፈቱት በ2015 ዓ.ም. ነው። ከእኩዮቹ በዓመታት ዘግይቶ፣ ጢም አብቅሎ በወንበር ላይ ከታናናሾቹ ጋር የተቀመጠ ተማሪ ምን እንደሚሰማው በዚህ ከተማ የማያውቅ ቤተሰብ የለም። ተስፋ ቈርጦ የቀረም አለ። ለእነዚህ ሁሉ ያሬድ የሚነግራቸው ነገር አለ፤ የዘገየ ተማሪ የጠፋ ተማሪ አይደለም፤ ዋናው ነገር መመለሱ ነው። ለመምህራንና ለወላጆችም የአባ ጌዴዎን ታሪክ አለላቸው። ያ መምህር በአለንጋው ያጣውን ተማሪ ያገኘው፣ ሲመለስ በሩን በከፈተለት ቀን ነው።

ስለዚህ የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ስናከብር አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በዕረፍት ሰዓት በሚሰማው የተማሪዎች ሚኒ ሚዲያ አንዱን ሳምንት ለያሬድ እንስጥ። ሰኞ የልጅነቱ ታሪክ ይነገር፤ ማክሰኞ ግዕዝ፣ ረቡዕ ዕዝል፣ ሐሙስ አራራይ ከመግለጫ ጋር ይሰማ፤ ዓርብ ደግሞ በከተማችን ካሉት የድጓ መምህራን አንዱ ተጋብዘው ምልክቶቹን በሰሌዳ ላይ ያስረዱን። ቀጣዩን ሳምንት ለመንዙማ፣ የሚከተለውን ለክራርና ለጭራ ዋጣ፣ ሌላውንም ለባኽና ለቤትሆቨን ብንሰጥ ዕውቀታችን ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

የአክሱምን ሐውልት ለማየት ብዙ ሰው ከሩቅ አገር ይመጣል፤ ድንጋይ ነውና ማንም ዐይን ያለው ያየዋል። የያሬድ ሐውልት ግን በድምፅ የተሠራ ስለ ሆነ የሚቆመው ተማሪ እስካለው ድረስ ብቻ ነው።