አለቃ ገብረ ሐና

አለቃ ገብረ ሐና (1814–1898 ዓ.ም.) የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቅና «የተክሌ» የተባለው የአቋቋም ስልት ፈጣሪ ነበሩ። ሕዝቡ ይበልጥ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ በስማቸው ከሚነገረው ቀልድ ግን የቱ የእሳቸው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

የተወለዱት በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ ነው። ጎንደር ገብተው ከተማሩ በኋላ የበአታ ለማርያም አለቃ ሆኑ። ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ባለመስማማታቸው ወደ ጣና ሄዱ። እዚያ ሳሉ የሐይቁን ሞገድና ነፋስ የሚያወዛውዘውን ደንገል አይተው አዲስ ዝማሜ እንዳወጡ ይነገራል። በዝማሜ መዘምራኑ መቋሚያ ይዘው ከዜማው ጋር ሰውነታቸውን ያወዛውዛሉ፤ የአለቃ ስልት ይህን እንቅስቃሴ እንደ ማዕበል አለዘበው።

የጎንደር ሊቃውንት ግን አዲሱን ስልት አልተቀበሉትም። በዚያን ጊዜ የአቋቋም ዋና መንበር ጎንደር ስለነበረች ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። አለቃ ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ተክሌም በደብረ ታቦር ኢየሱስ አስፋፉት። በዚህም የአባት ሥራ በልጅ ስም ተጠርቶ ቀረ። ዛሬም የተክሌን አቋቋም መማር የሚፈልግ ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል።

አለቃ በኋላ በዐፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ቤተ መንግሥት ቆይተዋል፤ አብዛኞቹ ቀልዶችም ከዚያ ዘመን ጋር ይያያዛሉ። ያረፉት በ84 ዓመታቸው ነው።