አናጢው ከበሮ መቺ፦ ጆን ቦናም (1948–1980)

ሬዲች የተባለችው የእንግሊዝ ከተማ ለብዙ ዘመን ስሟ የሚነሣው በመርፌ ሥራዋ ነበር። ከሮክ ሙዚቃ ከበሮ መቺዎች መካከል በምቱ ክብደት ስሙ አስቀድሞ የሚጠራው ጆን ሄንሪ ቦናም፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 31 ቀን 1948 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ አናጢና ቤት ሠሪ፣ እናቱ ጋዜጣ የሚሸጥበት የትንሽ ሱቅ ባለቤት ነበሩ። ልጁ ገና በአምስት ዓመቱ የወጥ ቤት ድስትና የቡና ቆርቆሮ ደርድሮ መምታት ጀመረ። ዐሥር ዓመት ሲሞላው እናቱ አንድ ስኔር ከበሮ ገዙለት፤ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ደግሞ በተለምዶ ድራም የሚባለውን ሙሉ የከበሮ ስብስብ ከአባቱ አገኘ። ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ ኖታ አልተማረም። ትምህርት ቤቱ የጂን ክሩፓና የማክስ ሮች ሸክላዎች ነበሩ፤ የቀረውን በየአካባቢው ያሉትን ቀደምት መቺዎች እየተመለከተና እየጠየቀ አሟላው።

በ1964 ዓ.ም. ትምህርቱን ሲያቆም ከአባቱ ጋር በአናጢነት ተሰማራ። ቀን ጣውላና ጡብ ይሸከማል፣ ማታ በየመጠጥ ቤቱና በየጭፈራ አዳራሹ ከበሮ ይመታል። በኋላ ዘመን የክንዱን ብርታት ከመዶሻው ጋር ያያያዙ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። ነገሩ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ይሁን እንጂ መዶሻ የያዘ ሁሉ እንደ ቦናም አልመታም። ከአናጢነት አንድ ነገር ወሰደ ከተባለ፣ ጉልበትን ሳይሆን ልክን ቢሆን ይሻላል። ጥሩ አናጢ ምስማሩ በስንት ምት እንደሚገባ ያውቃል፤ ከዚያ በላይ የመታ እንደሆነ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል።

በእነዚያ ዓመታት በበርሚንግሃምና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች ከአንዱ ጓድ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ተጫውቷል። የምቱ ጩኸት ከስሙ ቀድሞ ይደርስ ስለ ነበር አንዳንድ የምሽት ክበብ ባለቤቶች ዳግመኛ እንዳይመጣባቸው ይሹ እንደ ነበር ይነገራል። በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ትዳር ያዘ፤ ጄሰን የተባለው ወንድ ልጁ በ1966 ዓ.ም. ተወለደ። ባልና ሚስት ይኖሩበት የነበረው በመኪና የሚጎተት አንዲት ጠባብ ቤት ነበረች። ኪራዩን ለመክፈል ሲል ሲጋራ ማጨስ እንደ ተወ ይተረካል። ከዘፋኙ ሮበርት ፕላንት ጋር የተዋወቀውም በዚሁ ዘመን ሲሆን፣ ሁለቱ ወጣቶች በመጨረሻ ባንድ ኦፍ ጆይ በተባለው ጓድ ውስጥ አብረው ሠርተዋል። ጓዱ ሲፈርስ ቦናም ቲም ሮዝ ከተባለው አሜሪካዊ ዘፋኝ ጋር በሳምንት 40 ፓውንድ ተቀጠረ። ለእርሱ በዚያን ጊዜ ይህ ገንዘብ ቀላል አልነበረም።

በ1968 ዓ.ም. በጋ ጊታር ተጫዋቹ ጂሚ ፔጅ አዲስ ጓድ ለማቋቋም ሰዎች ሲያፈላልግ፣ ፕላንት የቦናምን ስም አነሣለት። ፔጅ በሰሜን ለንደን ሲጫወት ሄዶ ካዳመጠው በኋላ ሌላ ከበሮ መቺ መፈለጉን ተወ። አስቸጋሪው ቦናምን ማግባባት ነበር። ጆ ኮከርና ክሪስ ፋርሎም ይፈልጉት ነበርና፣ የተረጋገጠ ደመወዝ የያዘ ባለ ትዳር ስም ወደሌለው ጓድ ለመሄድ አመነታ። ቤቱ ስልክ ስላልነበረው ፕላንትና ሥራ አስኪያጁ ፒተር ግራንት በዎልሶል ከተማ ወደሚያዘወትረው መጠጥ ቤት ቴሌግራም በቴሌግራም ላይ አዘነቡበት፤ የግራንት ብቻ አርባ ደርሶ ነበር ይባላል። በመጨረሻ እሺ አለ። ምክንያቱ ገንዘቡ ሳይሆን ሙዚቃውን መውደዱ እንደ ሆነ ራሱ በኋላ ተናግሯል።

አራቱ ሰዎች፣ ማለትም ፔጅ፣ ፕላንት፣ የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጆን ፖል ጆንስና ቦናም፣ በዚያው ዓመት ኦገስት ወር በለንደን ጄራርድ ጎዳና በሚገኝ ጠባብ ክፍል ተገናኝተው ተለማመዱ። በሴፕቴምበር በዴንማርክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ቀረቡ። ሌድ ዜፐሊን ተብለው ከተሰየሙ በኋላ የመጀመሪያ ሸክላቸውን ሠላሳ ስድስት ሰዓት ያህል በፈጀ የስቱዲዮ ሥራ ቀርጸው ጨረሱ፤ ሸክላው በጃንዋሪ 1969 ዓ.ም. ወጣ። «ጉድ ታይምስ ባድ ታይምስ» በተባለው የመክፈቻ ዘፈን ላይ የሚሰማው የትልቁ ከበሮ ፈጣን ድርብርብ ምት የሁለት እግርና የሁለት ፔዳል ሥራ የመሰላቸው ሙያተኞች ጥቂት አልነበሩም። ሥራው የአንድ ቀኝ እግርና የአንድ ፔዳል ነበር። ፔዳሉም ቢሆን ዘይት የጠማው ነበር፤ በ1970 ዓ.ም. በወጣው ሦስተኛው ሸክላ «ሲንስ አይ ሃቭ ቢን ላቪንግ ዩ» በተባለው ዘገምተኛ ዘፈን ላይ ጆሮውን የሰጠ ሰው ከምቱ ሥር ሲጥ ሲጥ ሲል ይሰማዋል። ማንም አላጠፋውም።

ስለ ቦናም ድምፅ ብዙ ከሚያስተምሩት ሥራዎች አንዱ ግን የተሠራው ከስቱዲዮ ውጭ ነው። ሄድሊ ግሬንጅ በሃምፕሺር አውራጃ በ1795 ዓ.ም. ለድሆች መጠለያነት የተሠራ፣ ብርድ የማይለየው አሮጌ ቤት ነው። ጓዱ አራተኛውን ሸክላ ሲያዘጋጅ የቀረጻ መሣሪያ በመኪና አስመጥቶ እዚያ ሰፈረ። አዲስ የከበሮ ስብስብ በደረሰ ጊዜ በመግቢያው አዳራሽ ተተከለ። አዳራሹ ደረጃው እየተጠማዘዘ ሦስት ፎቅ የሚወጣበት፣ እስከ ላይ ድረስ ክፍት የሆነ ነበር። የቀረጻው መሐንዲስ አንዲ ጆንስ በየከበሮው አፍ ማይክሮፎን ከመደቀን ይልቅ ሁለት ማይክሮፎኖች ብቻ ከላይኛው ደረጃ ላይ ወደ ታች አንጠለጠለ። ድምፁን በሚያስተጋባ መሣሪያ በኩል አሳልፎም አጠነከረው። «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» የተባለው የዚህ ቀረጻ ዘፈን፣ በ1927 ዓ.ም. ስለ ደረሰው የሚሲሲፒ ወንዝ ጎርፍ ሜምፊስ ሚኒና ካንሳስ ጆ ማኮይ በ1929 ዓ.ም. ከቀረጹት የጥቁሮች ብሉዝ የተወሰደ ነው።

ይህ ዘዴ በማንም ከበሮ መቺ እጅ አይሠራም ነበር። ማይክሮፎን ከሩቅ ሲሰቀል የትኛው ከበሮ ከፍ፣ የትኛው ዝቅ እንዲል የሚወስነው መሐንዲሱ መሆኑ ይቀራል፤ ሚዛኑ ሁሉ ከመቺው እጅና እግር ተስተካክሎ መውጣት አለበት። ሲምባሉን ከመጠን በላይ የሚያንኳኳ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚያተርፈው ጫጫታ ብቻ ነው። ቦናም ግን ዲያሜትሩ 26 ኢንች የሆነውን ትልቅ ከበሮ ሳያፍን፣ ቆዳውን ወጥሮ አስተካክሎ፣ ምቱን አሳርፎ ድምፁ ግድግዳውን ነክቶ እስኪመለስ ይጠብቃል። ያን ዝምታ የሚያደምጥ ሰው ከምቱ ያላነሰ ሥራ እንዳለበት ይረዳል። ዘፈኑ በ1971 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ መክፈቻው በሌሎች ሙዚቀኞች ተቆርጦ ሲወሰድ ኖሯል፤ ቢስቲ ቦይዝ የተባሉት አሜሪካውያን በ1986 ዓ.ም. ሸክላቸውን የከፈቱት በዚሁ ምት ነው።

ቦናምን በጩኸቱ ብቻ የሚያውቁት ሰዎች የሚፈርዱበት አለማወቅ ነው። በመድረክ ላይ «ሞቢ ዲክ» በተሰኘው ሥራው ለብቻው ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሲመታ ዱላውን ጥሎ በባዶ እጁ የሚጫወትበት ጊዜ ነበረ። በ1975 ዓ.ም. በወጣው «ካሽሚር» ላይ ጊታሩ በሦስት እየቆጠረ ሲዞር እርሱ በአራት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሁለቱ ቁጥሮች ተራርቀው ቆይተው ሲገናኙ የሚፈጠረው ኃይል የዘፈኑ ዋልታ ነው። በዚያ ዘፈን ውስጥ ትርፍ ምት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። በስቶክሆልም ተቀርጾ በ1979 ዓ.ም. በወጣው «ፉል ኢን ዘ ሬይን» ላይ ደግሞ እጁ ይበልጥ ይለሰልሳል፤ በስኔሩ ላይ የሚያሳርፋቸው፣ ከመሰማት ይልቅ የሚገመቱ ረቂቅ ምቶች እስከ ዛሬ የተማሪዎች ፈተና ናቸው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ሰውየው መድረክ ይፈራ ነበር። ከመቅረቡ በፊት ይጨነቃል፣ አውሮፕላን መሳፈር ያስበረግገዋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከቤቱ መራቅ ይከብደዋል። በዉስተርሺር ገጠር በሩሾክ መንደር አጠገብ እርሻ ገዝቶ፣ ቤቱን በቤተሰቡ ሙያ አሳምሮ፣ ሄርፎርድ የተባሉትን ፊታቸው ነጭ የሆኑ ከብቶች ያረባ ነበር። ከከብቶቹና ከልጆቹ ጋር ሲሆን ረጋ ያለ ሰው እንደ ነበር የቅርብ ጓደኞቹ ይመሰክራሉ። በጉዞ ላይ ግን ፍርሃቱንና ናፍቆቱን የሚያስታግሰው በመጠጥ ነበር፤ ሲጠጣም ሌላ ሰው ይሆናል። ጁላይ 1977 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦክላንድ ከተማ ከመድረክ ጀርባ በአዘጋጁ ሠራተኛ ላይ በደረሰው ድብደባ ከፒተር ግራንትና ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ተከሶ፣ ክሱን ሳይከራከሩ በገንዘብና በገደብ እስራት ተቀጥተዋል። ለዚህ አድራጎት ማስተባበያ አይገኝለትም። ከጥቂት ቀናት በኋላ የፕላንት ትንሽ ልጅ በድንገት ሲሞት ሐዘንተኛውን ተከትሎ ወደ እንግሊዝ የተመለሰውና በቀብሩ ላይ አጠገቡ የቆመውም ይኸው ቦናም ነው።

ጓዱ በዘመኑ እጅግ የተደራጀ ነበር። የሚጓዝበት አውሮፕላን፣ ገንዘቡን የሚቆጣጠሩ ሰዎች፣ በር የሚጠብቁ ጉልበተኞች ነበሩት። ለከበሮ መቺው ፍርሃት ግን የተመደበ ሰው አልነበረም። መጠጡ ችግር ሳይሆን የሙያው ጠባይ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ሰውየው በሰዓቱ መድረክ ላይ እስከ ወጣ ድረስም የሚጠይቅ የለም። ጁን 27 ቀን 1980 ዓ.ም. በጀርመን ኑረንበርግ ሦስተኛው ዘፈን እንዳለቀ ከመቀመጫው ወደቀና ዝግጅቱ ተቋረጠ። ጉዞው ግን ቀጠለ፤ ጁላይ 7 ቀን በበርሊን የመጨረሻውን ምሽት ተጫወተ።

በኦክቶበር ወር በሰሜን አሜሪካ አዲስ ዙር ሊጀመር ታቅዶ ስለ ነበር፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን በዊንዘር አቅራቢያ ወዳለው የልምምድ ስፍራ በመኪና ተወሰደ። በመንገድ ላይ ለቁርስ በቆሙበት ቤት ዐሥራ ስድስት መለኪያ ያህል ቮድካ ጠጣ፤ በልምምዱም ላይ መጠጣቱን አላቆመም። ማታ በፔጅ ቤት እንቅልፍ ስለ ጣለው አልጋ ላይ በጎኑ አስተኙት። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ጆን ፖል ጆንስና አንድ የጓዱ ሠራተኛ ሊቀሰቅሱት ሲገቡ ሞቶ አገኙት። ዕድሜው ሠላሳ ሁለት ዓመት ነበር። አሟሟቱን የመረመረው ችሎት በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ አርባ መለኪያ ያህል ቮድካ ጠጥቶ በእንቅልፍ ላይ ሳለ በትውከቱ እንደ ታፈነ አረጋግጦ፣ ሞቱ በድንገተኛ አደጋ የደረሰ ነው ሲል ወሰነ።

በዚያን ጊዜ ጋዜጦች ተተኪ ይሆናሉ ያሏቸውን የታወቁ መቺዎች ስም መዘርዘር ጀምረው ነበር። ሦስቱ ባልደረቦቹ ግን ዲሴምበር 4 ቀን 1980 ዓ.ም. ባወጡት አጭር መግለጫ ጓዱ ከእንግዲህ እንደማይቀጥል አስታወቁ። በንግድ ዓይን ሲታይ እጅግ ውድ ውሳኔ ነበር። ትክክለኛነቱ በ1985 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ረኀብ ተጎጂዎች ርዳታ በተዘጋጀው ላይቭ ኤድ ላይ ሳይታሰብ ታየ፤ ሦስቱ በፊላደልፊያ ከተማ ከሁለት ስመ ጥር ከበሮ መቺዎች ጋር በቂ ልምምድ ሳያደርጉ ቀርበው ሥራው አላምር ስላላቸው፣ በኋላ የዝግጅቱ ፊልም ሲታተም የእነርሱ ክፍል እንዳይካተት አድርገዋል። ዲሴምበር 10 ቀን 2007 ዓ.ም. በለንደን ሙሉ ዝግጅት ባቀረቡ ጊዜ ከበሮው ላይ የተቀመጠው አባቱ ሲሞት የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ የነበረው ጄሰን ነው።

ሬዲች በ2018 ዓ.ም. በሰባኛው የልደት ቀኑ የነሐስ ሐውልት አቆመችለት። አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ አመዱ ያረፈው ግን ከእርሻው አጠገብ በሩሾክ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ከሩቅ አገር የሚመጡ ከበሮ መቺዎች የተጫወቱባቸውን ዱላዎች፣ አንዳንዶቹም የተሰነጠቁ ሲምባሎች፣ በመቃብሩ ድንጋይ ሥር አኑረው ይሄዳሉ።