አብዱላሂ ቀርሼ፦ ዜማቸው የታወቀ፣ የጣታቸው ጥበብ የተዘነጋ የዑድ ሊቅ

የሶማሊ ዘመናዊ ሙዚቃ አባት እየተባሉ የሚጠሩት አብዱላሂ ቀርሼ በ1994 ካረፉ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስማቸው ከጅግጅጋ እስከ ሐርጌሳ፣ ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ይታወቃል። የሚታወቁት ግን በአብዛኛው በግጥማቸውና በዜማቸው ነው። ያንን ዜማ ያበቀለው የዑድ አጨዋወታቸው የሚገባውን ያህል ሲነሣ አይሰማም።

ከክር መሣሪያ ተጫዋቾች ማን ይበልጣል፣ የማንስ ሥራ ተዘነጋ የሚለው ክርክር በዓለም ሁሉ አለ። የሮክ ጊታር ወዳጆች የጂሚ ሄንድሪክስን ስም በቀዳሚነት ያነሣሉ። ከእርሱ አስቀድማ የኤሌክትሪክ ጊታርን በመንፈሳዊ መዝሙር ያስጮኸችው ሲስተር ሮዜታ ታርፕ ግን በአሜሪካ የሮክ የዝና አዳራሽ ስሟ የሰፈረው በ2018፣ ከሞተች ከ45 ዓመት በኋላ ነው። በሶማሊ ሙዚቃ የጊታሩን ቦታ የያዘው ዑድ ሲሆን በሶማሊኛ ካባን ይባላል። በዚህ መሣሪያ የዑድ ንጉሥ የሚለውን ማዕረግ ያገኙት በቅጽል ስማቸው ሁደይዲ የሚባሉት አሕመድ ኢስማኤል ሑሴን ናቸው። በርበራ ተወልደው ኤደን ያደጉት ሁደይዲ በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ለንደን ውስጥ እስካረፉበት ጊዜ ድረስ መድረክ ላይ ነበሩ። ይሁንና የዑድን ትምህርት የቀሰሙት ከአብዱላሂ ቀርሼ ነው። ንጉሡን ያስተማረው መምህር በክርክሩ ውስጥ ወደ ኋላ የቀረበት ምክንያት የሚገኘው በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ነው።

አብዱላሂ ቀርሼ በ1924 ከኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በዛሬዋ ታንዛኒያ ሞሺ ከተማ፣ ከአገራቸው ርቀው ይኖሩ ከነበሩ የሶማሊ ቤተሰብ ተወለዱ። በልጅነታቸውም ቤተሰቡ ባሕር ተሻግሮ ወደ ኤደን ሄደ። ኤደን በዚያን ዘመን በብሪታንያ እጅ ያለች፣ የሕንድ ፊልምና የዓረብ ዘፈን የሚሰማባት የወደብ ከተማ ነበረች። ወጣቱ ቀርሼ የሌሎች ሕዝቦች ዜማ በመሣሪያ ታጅቦ ሲቀርብ፣ የሶማሊ ግጥም ግን ያለ አጃቢ ብቻውን ሲነበብ ሰሙ። ይህ ልዩነት በልባቸው ቀረ።

ዑድ መግዛቱ ቀላል አልነበረም። ችግሩም የገንዘብ ብቻ አልነበረም። ቤተሰቡ ሃይማኖተኛ ስለነበር መሣሪያውን ከዘመድ ዓይን ሰውረው ማስቀመጥ ግድ ሆነባቸው። በሶማሊ ማኅበረሰብ ባለቅኔ የተከበረ ሰው ነው። ግጥም ጠብ ያበርዳል፣ ጎሣን ያስታርቃል፣ ግመልን ያወድሳል። በክር የሚጫወት ሰው ግን በጊዜው እንደ ሥራ ፈት ይታይ ነበር። ስለዚህ ቀርሼ ከመሣሪያው አስቸጋሪነት ሌላ፣ ጨዋ ሰው ዑድ አይነካም የሚለውን አመለካከትም መርታት ነበረባቸው።

መሣሪያው ራሱ ለጀማሪ የሚመች አይደለም። ዑድ ሆዱ እንደ ቅል ያበጠ፣ አንገቱ አጭር ሲሆን ብዙውን ጊዜ አሥራ አንድ ክሮች አሉት። አሥሩ ክሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲወጠሩ አንዱ ብቻውን ይቆማል። በጊታር አንገት ላይ ጣት የት ማረፍ እንዳለበት የሚያመለክቱ ብረቶች አሉ፤ በዑድ ላይ ግን የሉም። የጣት ስሕተት ወዲያው ይሰማል፤ ትክክለኛውን ቦታ የሚያገኘው ጆሮ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ዑድ የዓረብ ዜማ ማደሪያ ሆኖ የኖረ፣ ለሰባት ድምፆችና ለረቂቅ ልዩነቶቻቸው የተገራ መሣሪያ ነው። የሶማሊ ዜማ ግን እንደ ትዝታና እንደ ባቲ ቅኝት በአምስት ድምፅ የሚሄድ ነው። በባዕድ ቋንቋ ሲናገር የኖረን መሣሪያ የአገር ቋንቋ ማስተማር የቀርሼና የዘመን ጓደኞቻቸው ታላቅ ሥራ ነበር።

ቀርሼ ወደ ሐርጌሳ ሲመለሱ ከተማዋ በለውጥ ላይ ነበረች። በ1943 ሬዲዮ ኩዱ የተባለው ጣቢያ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ በኋላ ሬዲዮ ሐርጌሳ የሆነው ይኸው ጣቢያ ነው። በመንገዱ ላይም አዲስ የዘፈን ዓይነት ተወልዶ ነበር። የቦረማ አካባቢ ተወላጅ የነበሩት የጭነት መኪና ሹፌር አብዲ ሲኒሞ በ1940ዎቹ አጋማሽ በልዎ የተባለውን አጭር የፍቅር ዜማ አስጀመሩ። በልዎ በዘይላ፣ በቦረማ፣ በጅቡቲና በድሬዳዋ መካከል ከሚመላለሱት መኪናዎች ጋር ተጓዘ። ከቦረማ ማዶ ያለችው አውበሬም ሆነች የንግድ መናኸሪያዋ ጅግጅጋ ከዚህ መንገድ የራቁ አልነበሩም። ጨውና ስኳር ከሚጭነው መኪና ጋር ዜማውም ድንበር ይሻገር ነበር።

በልዎ መጀመሪያ ላይ የሚታጀበው በጭብጨባና በባዶ የነዳጅ ጣሳ ነበር። የሃይማኖት አባቶች ወጣቱን ያበላሻል ብለው አጥብቀው ተቃወሙት። ዘፋኞቹ ግን አጫጭሮቹን ዜማዎች እያያያዙ ረዘም ያለ ዘፈን ሠሩ፤ እርሱም ሄሎ ተባለ። የቀርሼ እጅ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ዑድን ወደዚህ ዘፈን ያስገቡት እርሳቸው እንደሆኑ የሙዚቃው ታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ከዚያ በኋላ ዘፈን የሚከፈተው በዑድ ሆነ። ዑዱ መንገዱን ያሳያል፣ ድምፃዊው ሲጀምር ዝቅ ይላል፣ ድምፃዊው ትንፋሽ ሲወስድ ደግሞ መልስ ይሰጣል።

ይህ አጨዋወት ከፍተኛ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በሶማሊ ግጥም ስንኞቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ድምፅ የሚጀምሩ ቃላት ሊኖሯቸው ይገባል። አድማጩም ያንን እየተከታተለ ይፈርዳል፤ ዑዱ ቃሉን ከሸፈነበት ዘፈኑ ከሸፈ ማለት ነው። በመሆኑም የሶማሊ ዑድ ተጫዋች ብቃት ከፍጥነቱ ይልቅ ልኩን በማወቁ ይለካል። የቀርሼ ጥበብ የተዘነጋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቃሉ ጎልቶ እንዲሰማ ስለተጫወቱ ሰው ቃሉን ያዘ፤ ጣታቸውን ረሳ።

ቀርሼ የመጀመሪያ ዘፈናቸውን በ1948 ሠሩ። ዘፈኑ ሕዝቡ ከእንቅልፉ ነቅቶ በቅኝ ገዢዎች ላይ እንዲነሣ የሚጠራ ነበር። ብሪታንያ በ1954 መጨረሻ በተፈረመ ስምምነት የሐውድን ግጦሽ ለኢትዮጵያ ለማስረከብ በተስማማች ጊዜ፣ በየዓመቱ ዝናብ ተከትለው ወደዚያ የሚሻገሩ አርብቶ አደሮች ሥጋት ላይ ወደቁ። የሐርጌሳ ከያንያንም ሐዘንና ቁጣቸውን በሄሎ ገለጹ። ሄሎ ከፍቅር ወጥቶ የአገርና የግጦሽ ጉዳይ መናገሪያ የሆነው በእነዚያ ዓመታት ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዋላሎ ሐርጌሳ የተባለው የቲያትርና የሙዚቃ ጓድ ሲነሣ የቀርሼም ስም አብሮ ይነሣል። ከዑድ ሌላ ጊታርና ፒያኖም ይጫወቱ ነበር።

በነጻነት ዋዜማ ስለ ሰንደቅ ዓላማ የደረሱት መዝሙር ከሁሉም ሥራዎቻቸው ይበልጥ ታዋቂ ሆነ። በ1961 የኮንጎው መሪ ፓትሪስ ሉሙምባ መገደሉ በተሰማ ጊዜ ደግሞ የሐዘን ዘፈን አወጡለት። የሰንደቅ ዓላማው መዝሙር በ2012 የሶማሊያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ተመረጠ። ደራሲው ካረፉ 18 ዓመት አልፏቸው ነበር። ይህ ክብር ግን የገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን ስም ከፍ ሲያደርግ፣ የዑድ ተጫዋቹን ይበልጥ ጋረደው።

የመዘንጋቱ ሌላው ምክንያት የመዛግብቱ ዕጣ ነው። በ1988 የሲያድ ባሬ ጦር ሐርጌሳን በቦምብ ሲደበድብ፣ የሬዲዮው ካሴቶችና ቴፖች እንዳይጠፉ ከጣቢያው እየወጡ ተሸሸጉ። በአፈር ውስጥ የተቀበሩም ነበሩ። ሕዝቡም በቶጎ ውጫሌ በኩልና በሌሎች በሮች ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። ሐርትሼክ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ ነበር፤ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ኖሮበታል። ቀብሪበያህና አውበሬም ብዙዎችን ተቀብለዋል። ሸሽቶ ከመጣ ሰው ጓዝ ውስጥ ካሴት ቢገኝ አያስደንቅም፤ ካሴት ቀላል ነው፣ የአገር ድምፅንም ይይዛል። ከጦርነቱ በኋላ ከ10,000 በላይ ካሴቶች በሐርጌሳ ተሰብስበው በባህል ማዕከል ተቀምጠዋል። በእነዚያ ክሮች ላይ የድምፃዊው ስም ይነገራል፤ በጎን ተቀምጦ ዑድ የሚመታው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ስም የለውም።

ታላቅነት በጣት ፍጥነት ከተለካ ለሁደይዲ የሚሰጠው ዘውድ ተገቢ ነው። የድሬዳዋው አሊ ቢራም በዑድና በጊታር በኦሮምኛ ሙዚቃ ያላቸው ቦታ የማይነቃነቅ ነው። አንድ ሰው ባይኖር ኖሮ ምን ይቀር ነበር ተብሎ ከተጠየቀ ግን መልሱ ወደ አብዱላሂ ቀርሼ ያመራል። መሬቱን መጀመሪያ የመነጠረ ገበሬ ምርቱ ሲታፈስ ስሙ ላይነሣ ይችላል፤ እርሻው ግን የእርሱ ድካም ነው። ቀርሼ ዑድ ከሣጥን እንዲወጣ፣ ተጫዋቹም አንገቱን ቀና አድርጎ በሬዲዮ ፊት እንዲቀመጥ አድርገዋል።

ዛሬ በሰሜናዊ ከተሞች በየቤቱ የቀሩ አሮጌ ካሴቶች ሙቀትና አቧራ እየፈጃቸው ነው። የዘፈኑን ስም የሚያውቁ፣ ከድምፃዊው ጀርባ ማን ይጫወት እንደነበር በጆሮ የሚለዩ አዛውንቶችም እያለፉ ነው። ካሴቱን ወደ አዲስ መሣሪያ መገልበጥ፣ የተጫዋቹንም ስም ከአዛውንቱ ጠይቆ በልባሱ ላይ መጻፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር በማስረጃ የሚቆመው ያ ስም ሲጻፍ ነው።