ያልታመነው የሰማይ ኤሌክትሪክ ሰው

ሳተላይት ላይ ትንሽ መብረቅ እንደሚፈጠር ታውቃላችሁ? የፀሐይ ማዕበል ሲነሳ ህዋ ላይ ያሉ ኤሌክትሮኖች በሳተላይቱ አካል ላይ ይከማቻሉ። አንዱ ክፍል ከሌላው በሺዎች ቮልት ሲበላለጥ ብልጭታ ይዘላል። ማታ ሹራብ ስናወልቅ ጠሽ እንደምትለዋ ብልጭታ ማለት ነው፤ እዚያ ግን ኮምፒውተር ታሳብዳለች። በ2010 እ.ኤ.አ. ጋላክሲ 15 የተባለው የቴሌቪዥን ሳተላይት ከማዕበል በኋላ ለወራት አልታዘዝ ብሎ ተንሳፏል። ከዋና ተጠርጣሪዎቹ አንዱ ይኸው ብልጭታ ነው።

ፀሐይ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶችን ወደ ምድር እንደምትልክ፣ ገና ሳተላይት ሳይኖር ከተናገሩት አንዱ ኖርዌያዊው ክርስቲያን ቢርክላንድ ነው።

በ1867 በዛሬዋ ኦስሎ ተወለደ፤ በ30 ዓመቱ ፕሮፌሰር ሆነ። በዋልታ ሰማይ ላይ ሌሊት የሚጨፍረው አረንጓዴ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ፈለገ። ለዚህም ሃልደ በተባለ የሰሜን ኖርዌይ ተራራ ጫፍ ላይ በብርድ ከረመ። በዚያ ጉዞ አንድ ባልደረባው በበረዶ ናዳ ሞተበት። ቤተ ሙከራው ውስጥ ደግሞ አየር በወጣለት ሳጥን ውስጥ ማግኔት ያለው ኳስ አስቀምጦ ኤሌክትሮን ለቀቀበት። ኳሱ በዋልታዎቹ ዙሪያ አበራ!

ለምርምሩ ገንዘብ ፍለጋ በኤሌክትሪክ የሚተኩስ መድፍ ፈለሰፈ። በ1903 እንግዶች ጠርቶ ሲያሳይ ግን መድፉ ሾርት አድርጎ በእሳት ብልጭታ ከሸፈ። ሰውየው ተስፋ አልቆረጠም፤ ከሳም አይዴ ጋር ሆኖ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ከአየር ማዳበሪያ መሥራት ጀመረ። በ1905 ኖርስክ ሃይድሮ የተባለው ኩባንያ የተመሠረተው በዚሁ ነው።

የሰማዩ ሐሳቡ ግን በተለይ በእንግሊዝ ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት አጣ። ለኖቤል በተደጋጋሚ ታጭቶ አላገኘም። እንቅልፍ አልወስድ ብሎት በመድኃኒት ይኖር ነበር። በሰኔ 1917 ቶኪዮ ውስጥ ሆቴል ክፍሉ ሞቶ ተገኘ፤ ገና 49 ዓመቱ ነበር።

በ1960ዎቹ አንድ የአሜሪካ ሳተላይት ከህዋ ወደ ዋልታዎች የሚወርደውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ለካ። ፍሰቱ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። ኖርዌይም እስከ 2017 ድረስ ፊቱን በ200 ክሮነር ኖት ላይ ታትም ነበር።

ዛሬ መሐንዲሶች ቻርጁ አንድ ቦታ እንዳይጠራቀም የሳተላይቱን ሽፋን ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ነገር ይሠራሉ፤ ክፍሎቹንም እርስ በርስ ያገናኛሉ። በሕይወት ሳለ ባዶ ነው ሲሉት የነበረው ህዋ፣ ዛሬ ሳተላይት የሚያመጥቅ ሁሉ የሚጠነቀቅለት የኤሌክትሪክ ሰፈር ሆኗል።