የሮክ ድምፃውያን አውራ ማን ነው? የፍሬዲ መርኩሪ ሕይወት

ከሮክ ድምፃውያን ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው? ይህ ጥያቄ በተነሣበት ጠረጴዛ ሻዩ ይቀዘቅዛል እንጂ ክርክሩ አይቀዘቅዝም። አንዱ ኤልቪስ ፕሪስሊ ነው ይላል፤ ሌላው የሌድ ዜፕሊኑን ሮበርት ፕላንትን ይጠራል፤ ጃኒስ ጆፕሊንን የሚያስቀድምም አይጠፋም። ሮሊንግ ስቶን የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2008 እ.ኤ.አ. መቶ ድምፃውያንን በተርታ ሲያሰልፍ ኤልቪስን 3ኛ፣ ጆን ሌነንን 5ኛ፣ ፕላንትን 15ኛ አድርጎ የዛሬውን ባለታሪካችንን ፍሬዲ መርኩሪን 18ኛ ላይ አስቀመጠው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚህ ተርታ አይስማማም። ምክንያቱን ለማየት የሰውየውን ሕይወት ከመነሻው መከተል ይሻላል። ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፍሬዲ የተወለደው ሴፕቴምበር 5 ቀን 1946 በዛንዚባር ደሴት ነው። አዎን፣ የምሥራቅ አፍሪካ ልጅ ነው! ወላጆቹ ያወጡለት ስም ፋሮክ ቡልሳራ ሲሆን ቤተሰቡ ከሕንድ የመጡ ፓርሲዎች፣ የዞሮአስተር እምነት ተከታዮች ነበሩ። አባቱ በእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ነበሩ። ልጁ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ባሕር አቋርጦ በሕንድ አገር ፓንችጋኒ በምትባል ደጋማ ከተማ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። ፍሬዲ የሚለው መጠሪያ የወጣለት እዚያ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ሄክቲክስ የተባለች የተማሪ ባንድ ያቋቋመውም እዚያው ነው። በዚያች ባንድ ግን ቦታው ከፒያኖው ኋላ ነበር። አፉ ውስጥ አራት ትርፍ ጥርሶች ስለነበሩት የፊት ጥርሶቹ ገፍተው ወጥተው ዕድሜውን ሙሉ ያሳፍሩት ነበር። ሀብታም ከሆነ በኋላ እንኳ ያላስነቀላቸው ገንዘብ ቸግሮት ሳይሆን የድምፁ ቃና እንዳይለወጥበት ሠግቶ ነው።

በጃንዋሪ 1964 በዛንዚባር አብዮት ሲፈነዳ ቤተሰቡ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ፤ ከለንደን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለችው በፌልታም ተቀመጠ። ያኔ ፍሬዲ የ17 ዓመት ወጣት ነው። ስደተኛ ምን ይሠራል? ያገኘውን ነዋ! በሂዝሮው አውሮፕላን ጣቢያ ዕቃ ተሸክሟል፤ በኬንዚንግተን ገበያ ልባሽ ጨርቅ ሸጧል። ጎን ለጎን በኢሊንግ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ተምሮ በ1969 በግራፊክ ጥበብ ዲፕሎማውን ያዘ። በሁለት ሦስት ባንዶችም ዘፍኖ ነበር፤ ብዙም አልተሳካለት።

በ1970 ስማይል የተባለች ባንድ ድምፃዊዋ ጥሏት ሲሄድ ፍሬዲ ከጊታር ተጫዋቹ ከብራያን ሜይና ከከበሮ መቺው ከሮጀር ቴይለር ጋር ተጣመረ። ባንዷን ክዊን ብሎ የሰየማት እሱ ነው፤ አርማዋንም በተማረው ሙያ የነደፈው እሱ ራሱ ነው። በዓመቱ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጆን ዲከን ተጨመረና አራት ሆኑ። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1973 ወጣ። በ1975 ደግሞ «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» መጣ። ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ መሐሉ ኦፔራ የሆነ ዘፈን ነው። ለሬዲዮ ይረዝማል ተብሎ ብዙ ተከራክረውበታል። ያንን እልፍ መዘምራን የሚመስል የኦፔራ ክፍል የዘፈኑት ሦስት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ ድምፅ በድምፅ ላይ እየደራረቡ ሲቀዱ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጅቶባቸው የመቅጃው ክር ከመሳሳቱ የተነሣ ብርሃን ያሳልፍ ጀመር ይባላል። ዘፈኑ በእንግሊዝ ለዘጠኝ ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። መምህር ለመሆን የምንዘጋጅ ሁሉ እዚህ ላይ ጆሮ ሰጥተን ብንሰማ አይከፋም፤ እንጀራችን በጉሮሮ ነዋ! ፍሬዲ በድምፅ ጅማቶቹ ላይ ትንንሽ እባጮች ወጥተውበት ነበር፤ በ1975 በአሜሪካ ጉዞው ላይ ትርኢቶች የተሰረዙት በዚሁ ሕመም ነው። ሲጮህ የሚውል መምህርንም የሚይዘው ይኸው በሽታ ነው። ፍሬዲ ቀዶ ጥገናውን ፈርቶ ስላልተቀበለ እባጮቹን ይዞ ዘፈነ። በ2016 የኦስትሪያ፣ የቼክና የስዊድን ተመራማሪዎች የድምፁን ቅጂዎች መርምረው ነበር። ሲናገር ወፈር ያለ የባሪቶን ድምፅ እንደነበረው፣ ሲዘፍን ግን ወደ ቀጭኑ የቴነር ድምፅ ይወጣ እንደነበር፣ የድምፁም ርግብግብታ ከሌሎች ዘፋኞች ፈጠን ያለ መሆኑን አገኙ። አራት ኦክታቭ ይዘልቃል እየተባለ የሚወራውን ግን ማረጋገጥ አልቻሉም፤ በቅጂዎቹ ላይ ያገኙት ሦስት ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ክርክሩ በድምፅ ስፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ፍሬዲን የሚረታ ይገኛል ማለት ነው። ነገሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥቁር ነጥብ አለ፤ አድናቂዎቹ መዝለል ይወዳሉ፣ እኛ አንዘለውም። በኦክቶበር 1984 ክዊን በአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ሰን ሲቲ በተባለው የመዝናኛ ሥፍራ ተጫወተ። የተባበሩት መንግሥታት የባህል ማዕቀብ ጥሎ ሳለ፣ የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ማኅበር ክልክል ነው እያለ፣ ሄዱ። ማኅበሩ ቀጣቸው፤ ስማቸውም ከማዕቀብ ጣሾች መዝገብ ገባ። በአፍሪካ ምድር ተወልዶ፣ ራሱ ስደተኛ ሆኖ ሳለ እዚያ መዝፈኑ ያስቆጫል። ሙዚቃ ከፖለቲካ ውጭ ነው የሚለው መከላከያ ለዚህ ጸሐፊ አይዋጥለትም።

የሚገርመው በዚያው ወር የሆነው ነው። በኮረም ሜዳ የወደቀው የወገኖቻችን ረሃብ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው በዚያው ኦክቶበር 1984 ነበር። ቦብ ጌልዶፍ የተባለው የአየርላንድ ዘፋኝ ተነሣስቶ በዓመቱ መጨረሻ ዘፋኞችን አሰባስቦ አንድ ሸክላ ሲያስቀዳ ክዊን በውስጡ አልነበሩበትም። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ እነሱ ጁላይ 13 ቀን 1985 በሚሉት ዕለት፣ በለንደን ዌምብሌይ ስታዲየምና በአሜሪካ ፊላደልፊያ ለኢትዮጵያ ረሃብ እርዳታ የተዘጋጀው ላይቭ ኤይድ ሲካሄድ ግን ተገኙ። ገንዘቡ የት ደረሰ የሚለው ክርክር ሌላ ገጽ ይፈልጋል።

ለእያንዳንዱ ባንድ የተሰጠው 20 ደቂቃ ያህል ነው። ሌሎቹ እንዲሁ ብቅ ሲሉ ክዊን ለቀናት ተለማምደው፣ ዘፈኖቻቸውን አሳጥረውና ገጣጥመው መጡ። ልክ አንድ መምህር ለአንድ ክፍለ ጊዜ ዕቅዱን እንደሚያወጣ! ወደ ማምሻው ላይ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ፣ ፍሬዲ ነጭ ካናቴራ ለብሶ፣ በግማሽ ዘንግ ላይ የተሰካ ማይክራፎኑን እንደ በትር ይዞ ብቅ አለ። ፒያኖው ላይ ጥቂት ተጫውቶ ተነሣ። «ሬዲዮ ጋጋ» ሲባል 72,000 ሰው እጁን ከራሱ በላይ አንሥቶ በአንድ ምት አጨበጨበ። ቀጥሎ ባንዱ ዝም አለ፤ ፍሬዲ ብቻውን ቃል የሌለው ዜማ ያወጣ ጀመር። አንዴ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፤ ረዘም አድርጎ ያወጣል፣ ይቀበላል፤ አጣሞ አጣጥፎ ያወጣዋል፣ እሱንም ይቀበላሉ። በእኛ አገር አውጪና ተቀባይ እንደምንለው መሆኑ ነው። የመጨረሻው ረድፍ ላይ የቆመው ሳይቀር ድርሻ ነበረው። እንዴ፣ ያ ሁሉ ሰው እኮ የመጣው ክዊንን ብቻ ሊያይ አልነበረም! በ2005 በእንግሊዝ ባለሙያዎች ሲመርጡ ይህችን ሃያ ደቂቃ ከሮክ የመድረክ ትርኢቶች ሁሉ አንደኛ አሏት።

የዚህ ጸሐፊ ሙግት እዚህ ላይ ነው። ፕላንት ከፍሬዲ ይበልጥ ይጮህ ይሆናል፤ የጃኒስ ሕመም ከእሱ ይበልጥ ልብ ይነካ ይሆናል። ኤልቪስም በሩን የከፈተ ሰው ነው። የራሱን ጉሮሮ የሌላው ሰው ጉሮሮ እንዲከፈት አድርጎ የተጠቀመበት ግን ፍሬዲ ነው። በ1977 «ዊ አር ዘ ቻምፒየንስ»ን የደረሰው ሕዝቡ አብሮ እንዲዘፍነው አስቦ ነው፤ ዛሬም በየስታዲየሙ ይዘፈናል።

የመጨረሻ የመድረክ ሥራው በኦገስት 1986 በእንግሊዝ ኔብዎርዝ ነበር። በ1987 የኤድስ ቫይረስ በደሙ እንዳለ ታወቀ። በዚያው ዓመት ከስፔናዊቷ የኦፔራ ንግሥት ከሞንሴራት ካባዬ ጋር «ባርሴሎና»ን አወጣ። በ1990 «ዘ ሾው ማስት ጎ ኦን» ሲቀዳ መቆም እያቃተው ስለነበር ብራያን ሜይ ይዘፍነዋል ብሎ አላመነም ነበር፤ እሱ ግን አንድ ጉንጭ ቮድካ ተጎንጭቶ ዘፈነው። ሕመሙን ለሕዝብ ያስታወቀው ኖቬምበር 23 ቀን 1991 ነው፤ በማግሥቱ በለንደን ቤቱ አረፈ። 45 ዓመቱ ነበር። ቀብሩ በአባቶቹ በዞሮአስተር ሥርዓት ተፈጸመ።

ከመሞቱ ወራት ቀደም ብሎ፣ በሜይ 1991፣ በስዊዘርላንድ ሞንትሮ በሚገኘው ስቱዲዮ ጓደኞቹ የሚችለውን ያህል ይቀዱት ነበር። በ1995 በታተመው ሸክላ ላይ «ማዘር ላቭ» የሚል ዘፈን አለ። ፍሬዲ እየቆመ እያረፈ ዘፍኖ፣ ደክሞት የቀረውን ሌላ ቀን ሊጨርሰው ሄደ። አልተመለሰም። የመጨረሻውን አንጓ በሸክላው ላይ የዘፈነው ብራያን ሜይ ነው።